የጀማሉ ፊት

ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ገበያው ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሐጂ አኑዋር የሚባል የጎንደር ሰው ፎቶ ቤት ነበረው። የፊት ለፊቱ ክፍል ለሠርግና ለመታወቂያ የሚነሡ ሰዎች የሚቀመጡበት፣ መስተዋትና ማበጠሪያ ያለበት፣ ደህና ብርሃን የሚገባው ነው። የኋላው ክፍል ግን መስኮት የለውም። ድሮ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ስለነበር መስኮቱን በጡብ ደፍነውታል፤ ፊልም ቀርቶ ኮምፒዩተር ከገባ በኋላም ጡቡን ላንሣ ያለ ሰው አልተገኘም። ትግሉ የሚሠራው እዚያ ነው። የሚተኛውም እዚያው፣ ከጠረጴዛው ሥር በሚጠቀለል ፍራሽ ላይ ነው።

ትግሉ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። የተወለደው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ በተመላሾች መኪና ወደ አገር ስትገባ እሱ ትምህርቴን ልጨርስ ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚሄድበት አጣ። የስደተኛ መታወቂያ የያዘ ሰው ተስሪህ ካላገኘ ከገዳሪፍ ወጥቶ የትም አይደርስም፤ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱታል። ያን የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ደግሞ ዋስ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ለትግሉ ዋስ ሊሆን የሚችል በዚያች ከተማ አንድ ሐጂ አኑዋር ብቻ ነበር።

የሐጂን ፎቶ ቤት ስሙን ያስጠራው ሠርግ አይደለም። የድሮ ወዳጆች ፎቶ ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ በመተማ በኩል በእግር የተሻገሩት ጎረምሶች፣ የመጀመሪያውን የሰሊጥ አረም ደመወዝ እንደተቀበሉ፣ ጫማ እንኳ ሳይገዙ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ፎቶ ይነሡ ነበር። ፎቶ አንሺው ያለው አንድ ኮትና አንድ ክራቫት ነው። አንዱ ኮቱን ይለብሳል፣ አንዱ ክራቫቱን ያስራል። ትንሿን ጣት ከትንሿ ጣት ያቆላልፋሉ፤ ወይም አንዱ የሌላውን አንገት አቅፎ ጭንቅላት ለጭንቅላት ይደገፋሉ። ከኋላቸው በአቡጀዲ ላይ የተሳለ አውሮፕላን አለ። ሁለት ቅጂ ይታተማል፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ፣ ምናልባት ብንለያይ ብለው።

እነዚያ ፎቶዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሻንጣ ሥር መውጣት ጀመሩ። ባለቤቶቹ ሸብተዋል፤ አንዳንዶቹ ሞተው ልጆቻቸው ናቸው ይዘው የሚመጡት። ሐጂ አኑዋር አንዱን አስጸድቶና አስተልቆ፣ ጣውላ ላይ ለጥፎ መደብሩ በር ላይ ሰቀለው። በሳምንቱ ሰው ተሰለፈ። ሱዳኖቹ በጣውላ የተለጠፈ ሥዕል ሎሃ ይሉታል፤ የእኛ ሰዎችም ሎሃ ማለት ለመዱ። የሻይ ቤት ባለቤቶች ሳይቀሩ የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ ለግድግዳቸው ይገዙ ጀመር።

ፊት ለፊት ጭማቂ የሚሸጠው ሙዳሲር፣ ሎሃው በተሰቀለ ቁጥር ብርጭቆውን እያጠበ መጥቶ ይቆማል። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣» ይላል፣ «እነዚህ ሰዎች እንዲህ ተጣብቀው ሲውሉ እርሻውን ማን ያርመው ነበር?»

ትግሉ አይስቅም። የሱ ሥራ ጭረቱን ማጥፋት፣ የሻገተውን መጥረግ፣ የደበዘዘውን ማጉላት ነው። በተቆላለፉ ሁለት ጣቶች መካከል ያለውን ቆሻሻ ለማንሣት አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ሁሉ ጣቶቹን እያየ ያስባል። እኔ ብነሣ ከማን ጋር እነሣለሁ? ከሙዳሲር ጋር? ሙዳሲር ከሁሉም ጋር ነው። ከካምፕ ልጆች ጋር? እነሱ ተበትነዋል፤ ያሉትም ቢያገኙት «እንዴት ነህ» ብለው ያልፉታል። እንዲህ እያሰበ ምሳ ሰዓት ያልፈዋል።

ጋሽ አስፋው የመጣው በከሪፍ፣ ዝናቡ በበረታበት ወር ነው። የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ረዥም፣ ከሲታ፣ ጀላቢያው ላይ የሹራብ ሰደርያ የሚደርብ ሰውዬ። በፌስታል የጠቀለለውን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። በመስተዋት ፍሬም ውስጥ ያለ ፎቶ ነበር። ከጣሪያ የፈሰሰ ውሃ ገብቶበት ፎቶው ከመስተዋቱ ጋር ተጣብቋል። ሁለት ልጆች ይታያሉ፤ ኮት የለበሰው ራሱ አስፋው ነው፣ ክራቫት ያሰረው ደግሞ ሌላ። ሻጋታው እንደ ጉም ሸፍኗቸዋል።

«ይህ ጀማሉ ነው፣» አለ አስፋው በጣቱ ሳይነካው። «በሰባ ሁለት አብረን ተነሣን። በሰባ ሦስት ጥጥ ለቀማ ብሎ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። አንዳንዱ ጅዳ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ ፖርት ሱዳን። ፎቶ ከዚህ ሌላ የለኝም ልጄ።»

«ሐሙስ ይደርስልዎታል፣» አለ ሐጂ አኑዋር ከግድግዳው መስተዋት ሥር ሆኖ።

እንግዲህ በዚህ ሙያ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ፎቶ በደረቁ አይላጥም። ወይ ከነመስተዋቱ ይነሣል፣ ወይ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ራሱ እስኪለቅ ግማሽ ቀን ይጠበቃል። ሐጂ አኑዋር ለትግሉ በመጀመሪያው ሳምንት ካስተማረው ነገር አንዱ ይህ ነው። ያን ቀን ግን መብራት ከሁለት ቀን በኋላ መምጣቱ ነበር። የሦስት ሠርግ ፎቶ ተከምሯል፤ ሐጂም ከፊት ክፍል «አንተ ልጅ፣ ሳይሄድ ቶሎ በል» እያለ ይነተርከዋል። ትግሉ ምላጭ አንሥቶ ጥጉን ሞከረው። ተነሣለት። የአስፋው በኩል እንደ ቅቤ ወረቀት ቀስ እያለ ለቀቀ። ልቡ ሞቀውና ሳበው።

የአስፋው ፊት መጣ። የጀማሉ ፊት መስተዋቱ ላይ ቀረ።

ትግሉ ትንፋሹን ይዞ ምላጩን በመስተዋቱ ላይ አስተኛው። የቀረችው ስስ ቆዳ እንደ ሰሊጥ ገለባ ተሰነጣጠቀች፤ ማራገቢያው ደግሞ ከጣሪያው ላይ እየዞረ ነበር። ማጥፊያውን ሲጫን ፊቱ ተበትኗል። ተንበርክኮ ወለሉን በፕላስተር እየለቀመ ፈለገ። ከጆሮ ይሁን ከፀጉር ያልለየለት ሁለት ጥቁር ፍንካች አገኘ። ሌላው በበሩ ሥር ወጥቷል።

ለሐጂ ቢነግረው ምን ይሆናል? ሐጂ መጥፎ ሰው አይደለም፤ ግን የሰው ፎቶ ያጠፋ ልጅ ሁለተኛ እጁ ሥር አይውልም። እሱ ደግሞ ካርቱም ማተሚያ ቤት የሚሠራ አንድ የካምፕ ልጅ ቦታ ሊይዝለት ቃል ገብቶለት፣ ሐጂ ለተስሪሁ እንዲፈርምለት ገና ሊለምን ሲያስብ ነበር። ዝም አለ።

የተረፈውን ኮምፒዩተሩ ላይ አወጣው። አንገቱ አለ፣ ክራቫቱ አለ፣ ትከሻው አለ፤ የአስፋውን ጣት የያዘችው እጅም አለች። ከአንገት በላይ ግን የእንቁላል ቅርጽ ያለው ነጭ ነገር ነው። ፊቱን ላስታውሰው ቢል አልቻለም፤ በደህና አላየውም ነበር፣ ዓይኑ ሻጋታው ላይ ነበር። ከሌሎች ወዳጆች ፎቶ ፊት ሊዋስለት ፈለገ። ሃያ ያህል ሞከረ። አንዱም አልገጠመም፤ ጀማሉ ጭንቅላቱን ወደ አስፋው አዘንብሎ ነበርና፣ የሌላ ሰው ፊት ሲገባበት ከአስፋው የሚሸሽ ይመስላል። በመጨረሻ ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀመጠና ራሱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ጭንቅላቱን ወዳጅ እንደሚደገፍ አድርጎ አዘነበለ። ግድግዳው ይቀዘቅዝ ነበር። ካሜራው እስኪያነሣው አሥር ሰከንድ ይቆጥራል፤ በዚያ አሥር ሰከንድ ውስጥ ሥራውን ረስቶ፣ ከጎኑ ሰው ያለ መስሎት ዓይኑ ረጠበ።

ፊቱ ገጠመ። ከሌላ ሰው ጎፈሬ አደረገለት፣ ከዳር እስከ ዳር የድሮ ፎቶ አቧራ ነሰነሰበት፣ ጣውላ ላይ ለጠፈው።

ሐሙስ ጋሽ አስፋው መጣ። ሎሃውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ወሰደው። ብዙ ጊዜ ቆየ። ትግሉ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል።

«አፉን ረስቼው ነበር፣» አለ አስፋው። «ለካ እንዲህ ነው። ያዝን ነበር ለካ።»

«አሮጌው ውሃው ውስጥ ፈረሰ፣» አለ ትግሉ።

«ይፍረስ። ይህን ካገኘሁ ምን አደርገዋለሁ።»

እዚያ ላይ ቢያልቅ ደህና ነበር። አላለቀም። አስፋው በሦስተኛው ቀን መጣ፤ በአምስተኛውም። ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ጀማሉ ያወራል። ጀማሉ ጅብ እንደማይፈራ፣ ጀማሉ በረመዳን ሳይጾም የሚውለው አስፋው ብቻውን እንዳይበላ ሲል በድብቅ ጎርሶለት እንደሚያውቅ፣ ኋላም ቀኑን እንደከፈለ። ወሬውን ሲጨርስ «ና እስኪ እስከ ገበያው ሸኘኝ» ይላል። መንገድ ላይ ትንሿን ጣቱን በትግሉ ትንሽ ጣት ያቆላልፋል፤ በዚያ ዘመን ሰው እንደዚህ ነበር የሚሄደው። ትግሉ እጁን ሊያስለቅቅ ይፈልጋል። እንዲለቀውም አይፈልግም።

«አንተ ከነጀማሉ ወገን ሳትሆን አትቀርም፣» አለው አንድ ቀን። «እናትህ የየት አገር ሰው ናት?»

«የጭልጋ።»

«አላልኩም? እነሱም ወደዚያው ናቸው። ከአገጭህ ላይ አንድ ነገር አለ።»

ሙዳሲር ጭማቂውን እየጨመቀ ሁለቱን አያቸው። «አገጩ ብቻ ነው?» አለ። «ጋሽ አስፋው፣ መነጽር ይግዙ። ይኸ ልጅ ቁርጥ ጀማሉን ነው።» ቀልዱ ነበር። ትግሉ ግን እስከ ማታ ወደ ፊት ክፍል አልወጣም።

ከወር በኋላ አስፋው አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ። ድሮ ጀማሉን አልፈለገውም፤ በቃል ብቻ ቁመቱ እንዲህ፣ መልኩ እንዲያ ብሎ ማን ያገኝለታል? ተስሪህም የለው። አሁን ግን ይኸው ፊቱ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ፎቶውን በትናንሹ አሳትሞ በሎሪ ነጂዎች እጅ ይልካል። አንዱን ወደ ገላባት፣ አንዱን ወደ ሾዋክ፣ አንዱን ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ። እሱ ስልክ የለውም፤ ከኋላው የፎቶ ቤቱ ቁጥር ይጻፍ።

«ፊቱን ጎላ አድርገህ፣» አለ። «እኔ ባልታይም ግድ የለም።»

ትግሉ አሥር ቅጂ አተመ። ማተሚያው እያንዳንዱን ሲተፋ የራሱ ፊት፣ ባዕድ ጎፈሬ አጥልቆ፣ አንድ በአንድ ሙቅ ሆኖ መዳፉ ላይ ይወድቃል። ለነጂዎቹ ሲሰጥ ቀና ብሎ አላያቸውም። አንዱ ነጂ ግን ፎቶውን አየ፣ እሱን አየ፣ «ወንድምህ ጠፋ እንዴ፣ አላህ ያገናኛችሁ» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፤ ስልኩ ሳይደወል ከገዳሪፍ መውጣት። ሐጂን ለመነ። ሐጂ አንገራግሮ፣ ጢሙን ዳብሶ፣ ቢሮው ድረስ አብሮት ሄዶ ፈረመ። ተስሪሁ የአሥራ አምስት ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ ወረቀት ነው፤ ዋሱም ለምን ሳይሄድ ቀረ ተብሎ ይጠየቃል። «አንዴ ነው የምፈርመው፣» አለው ሐጂ። «አስበህበት ሂድ።» ትግሉ አሰበበት። ልብሱን ሳምንት ሙሉ አጠበ፣ አጣጠፈ። ለረቡዕ አውቶቡስ ትኬት ቆረጠ። ተስሪሁ የሚያልቀው ከረቡዕ አምስት ቀን አልፎ፣ ሰኞ ነው።

ከመሄጃው ሁለት ቀን በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ትኬቱን በቆረጠ ማግስት፣ ስልኩ ጮኸ። ሐጂ ሱቅ አልነበረም።

«ፎቶ ቤት ነው?» አለች አንዲት ሴት። ድምጿ የትልቅ ሰው ነው፤ አማርኛዋ የመተማ፣ ዓረብኛ የገባበት።

«ነው።»

«ኡምሰልማ እባላለሁ፣ ከኸሽም ኤል ቂርባ ነው። ሎሪ ነጂ ፎቶ አምጥቶ ሻይ ቤቴ ላይ ጣለልኝ። ኮት የለበሰውን አውቀዋለሁ፣ አስፋው ነው። ከጎኑ ያለው ማነው?»

«ጀማሉ ነው፣» አለ።

«ጀማሉ ወንድሜ ነው። ይህ ልጅ ጀማሉ አይደለም።» ከጀርባዋ ብርጭቆ ይንኳኳል። «እጁ የሱ ነው። ክራቫቱም የሱ ነው። ፊቱን ግን አላውቀውም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ልጄ፣ ለመሆኑ ምንድነው ያደረጋችሁት?»

«እርስዎ ፎቶው አለዎት?»

«መንትያው እኔ ጋ ነው። ሲሞት ሰጥቶኛል። አስፋው ፈልጎኝ ከመጣ ስጪው ብሎ።»

በሰባ አራት ነው የሞተው፤ በትኩሳት፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላ። አስፋው ይመጣል ብለው ቢጠብቁ አልመጣም። እሷም ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ገዳሪፍ ትልቅ ከተማ ነው፣ የት ብላ ትፈልገው። «ሐሙስ እመጣለሁ፣» አለች። «ለአስፋው ንገረው። ይዤለት እመጣለሁ በለው።» ዘጋች።

ትግሉ ከስልኩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ላይነግር ይችላል። ረቡዕ ንጋት ላይ አውቶቡስ አለ። ሐሙስ ሴትዮዋ ስትመጣ እሱ ካርቱም ነው፤ ሐጂም አስፋውም እንደፈለጉ ይበሉት። ተስሪሁን ከኪሱ አውጥቶ ማኅተሙን አየ። አጥፎ መለሰው። ከመስኮት አልባው ክፍል እስከ አስፋው መጋዘን ሩብ ሰዓት ያስኬዳል፤ ያን መንገድ ሰኞ ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። የሄደው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው።

አስፋው በር ላይ ውሃ አሙቆ ጀላቢያውን ሲያጥብ አገኘው። ከኋላው፣ በጭቃ ግድግዳው ላይ፣ ሎሃው ተሰቅሏል፤ ውስጡ ያለው ትግሉ ከጎፈሬው ሥር ሆኖ አስፋውን ተደግፎ ያያል።

ቆሞ ነገረው። ምላጩን፣ መስተዋቱን፣ ማራገቢያውን፣ በርጩማ ላይ ያስቀመጠውን ካሜራ፣ የኡምሰልማን ስልክ። አንዲት ነገር አላስቀረም። አስፋው ማጠቡን አላቆመም፤ አንዷን እጅጌ ይዞ ያሻሻታል፣ ያሻሻታል።

«ማራገቢያው ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«በየት በኩል ወሰደው?»

«ወደ በሩ።»

አስፋው ራሱን ነቀነቀ፣ አቅጣጫው የሚጠቅመው ይመስል። «እሷስ? በሕይወት አለ አለችህ?»

«የለም። በሰባ አራት ነው ያረፈው። እዚያው ነው የተቀበረው።»

አሁን እጁን ከውሃው አወጣ። «በሰባ አራት፣» አለ። «እኔ በዚያ ዓመት ስረግመው ነው የከረምኩት። ጥሎኝ ጅዳ ገባ ብዬ።» እርጥብ እጁን ሹራቡ ላይ አበሰ። ሎሃውን ዞሮ አላየውም። «አንተ ነገ ትሄዳለህ አሉ።»

«ነገ ነበር።»

«ከሐሙስ በኋላ ሂድ። ብቻዬን አላየውም።»

ትግሉ እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል።

ሐሙስ ኡምሰልማ በጠዋቱ መኪና ደረሰች። ሰፊ ሴት ናት፣ ሐምራዊ ቶብ የለበሰች፤ ፎቶውን በጨርቅ ጠቅልላ በደረቷ ይዛዋለች። አስፋው ፎቶ ቤት መጥቶ ከንጋት ጀምሮ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሣ፤ ያወቃት አገር ቤት፣ ሕፃን ሳለች ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ከዚያ ዓይኗ ትግሉ ላይ አረፈ። ለረዥም ጊዜ አየችው።

«ፊቱ ይኸው፣» አለች። «አንተ ነህ ለካ ሎሪ ተሳፍረህ ቤቴ ድረስ የመጣኸው።»

ሐጂ አኑዋር ከመስተዋቱ ሥር አንገቱን ደፋ። ትግሉ ማክሰኞ ማታ ለእሱም ነግሮታል፤ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረውም።

ኡምሰልማ ጨርቁን ፈታች። በመስተዋት ፍሬም ያለው መንትያ ፎቶ ንጹሕ ነበር፤ ጫፉ ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ ውሃ አልነካውም። ኮት የለበሰው አስፋው፤ ጣቱን አቆላልፎ የተደገፈው ደግሞ ሰፊ ግንባር ያለው፣ አንድ ዓይኑን ከመብራቱ ብርሃን የጨፈነ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት የሆነ፣ አፉን በሙሉ ከፍቶ የሚስቅ ልጅ። ሳቁ ፎቶ አንሺውን ሳይቀር የሚያስቅ ዓይነት ነው።

አስፋው ወሰደው። አቀረበው፣ አራቀው። ወደ በሩ ወደ ብርሃኑ ሄደ።

«ይህ ማነው?» አለ ቀስ ብሎ።

«ወንድሜ ነዋ፣ አስፋው።»

«ይስቅ ነበር እንዴ?»

«መቼ ሳይስቅ ነበር? ሲስቅ ተፈጥሮ ሲስቅ የሞተ ነው።»

«አይ፣» አለ አስፋው። «እሱ ነው። አውቃለሁ። ፍንጭቱንም አሁን አወቅሁት፤ ውሃ ሲጠጣ በዚያ በኩል ይተፋብኝ ነበር።» ፎቶውን ወደ ደረቱ አመጣው፣ እንደገና አራቀው። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም። «እሱ ነው። ግን አልመጣልኝ አለ።»

ኡምሰልማ አልገባትም። ትግሉ ግን ገባው።

አስፋው ወደ ትግሉ ዞረ። ድምጹ ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻል ነበር። «በፊት ጉም ነበር፣» አለው። «ዓይኔን ስጨፍን ጉም ይታየኛል፣ ጀማሉ ጉሙ ውስጥ ነው። አላየውም፣ መኖሩን ግን አውቃለሁ። ሁለት ወር ያንተን ፊት አይቼ ነው የማድረው። አሁን ስጨፍን የምትመጣው አንተ ነህ። በአረሙ ማሳ ውስጥ አንተ ነህ። መተማን ስንሻገር አንተ ነህ።»

ኡምሰልማ ቀስ እያለ ሲገባት ዓይኗ ሞላ፤ ወዲያው ግን ቶቧን አስተካከለችና ፊቷን ኮስተር አደረገች። ሻይ ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት። «እንግዲህ ያጠፋ ይመልሳል፣» አለች ለትግሉ። «ራስህን ከግድግዳው ላይ አውርድና ወንድሜን ስቀለው። ሁለት ሎሃ፣ አንድ ለኔ አንድ ለሱ። ፎቶውን ደግሞ እጅህ ላይ ትቼው አልሄድም። እዚሁ ዓይኔ እያየ አንሣው። በመስተዋቱ፣ ሳትከፍተው።»

እንዳለችው አደረገ። ፍሬሙን ራሷ ያዘችለት። ከቀትር በኋላ ፎቶዋን በጨርቁ ጠቅልላ በመጣችበት ሄደች፤ ለአስፋው «በመጪው ወር መቃብሩን አሳይሃለሁ፣ ተስሪህ አውጣ» አለችው። አስፋው በጭንቅላቱ እሺ አለ።

ሥራው የአንድ ቀን ነበር። ንጹሕ ፎቶ ምን ሥራ አለው? ዓርብ ጠዋት ጀማሉ ስክሪኑ ላይ ተጠናቆ ይስቅ ነበር። ዓርብ አውቶቡስ ነበረ። ቅዳሜም ነበረ። ግን አስፋው ዓርብ ጠዋት መጣና «ሳታትመው ቆይ» አለ። «እዚህ ላይ ትልቅ ይሆናል አይደል? እስኪ አፉን ብቻ አሳየኝ።»

በርጩማውን ወደ ኋላው ክፍል ሳበና ጉልበት ለጉልበት ተቀመጡ። ትግሉ አፉን አጎላው። አስፋው ብዙ ጊዜ አየ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ግንባሩን አሳየኝ አለ። የተጨፈነችውን ዓይን አሳየኝ አለ። ተማሪ ቃል በቃል እንደሚያጠና የጀማሉን ፊት ክፍል በክፍል አጠናው። ቅዳሜም መጣ። እሑድም ፎቶ ቤቱ ዝግ ሳለ በሩን አንኳኳ።

«ተስሪሁ ነገ ያልቃል፣» አለው ሐጂ አኑዋር እሑድ ማታ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ። «ቢሮው ሲጠራኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሁለተኛ ግን አልፈርምም።»

«አውቃለሁ ሐጂ።»

«ንገረውና ሂድ። ሽማግሌው ይረዳሃል።»

ይረዳዋል። ክፋቱ እሱ ነው። አስፋው ሂድ ብሎታል፤ ዓርብም ብሏል፣ ቅዳሜም ብሏል። ብሎ ሲያበቃ «አንዴ ብቻ ጥርሱን» ይላል። ትግሉ ካርቱም ቢገባ፣ የትም ቢገባ፣ በዚህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ትግሉ ከዚህ አይወጣም። በዚያ ባላየው የሰሊጥ ማሳ ውስጥ፣ በማያውቀው ጎፈሬ፣ የሌላ ሰው ቦታ ይዞ ቆሟል። እሱን ከዚያ የሚያወጣው ራሱ ካልሆነ ማን ነው?

ሰኞ ጠዋት አስፋው መጣ። ክፍሉ ሞቋል፤ ማራገቢያውን ከዚያ ቀን ወዲህ ትግሉ አያበራውም። ከወደ መናኸሪያው የካርቱም አውቶቡስ ጡሩምባ ሁለት ጊዜ ተሰማ። ሁለቱም አላነሡትም። ትግሉ ፎቶውን ከፈተ፤ ጀማሉ ሙሉ ስክሪኑን ሞልቶ ሳቀ።

አስፋው እስኪበቃው አየ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሲጨፍን እንደሚያደርገው ሁሉ የትግሉን ቀኝ እጅ ፈልጎ ትንሿን ጣት በትንሽ ጣቱ ቆለፈ።

«መጣ?» አለ ትግሉ።

«ቆይ።»

ቆየ። የአስፋው ቅንድብ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከሽፋሽፍቱ በታች ዓይኑ የሆነ ነገር እንደሚከተል ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

«ግንባሩ የሱ ይመስላል፣» አለ አስፋው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፦ «አይ። አንተው ነህ። እንደገና ክፈተው።»

ቀኝ እጁን አልለቀቀለትም። ትግሉ ማውሱን ወደ ግራ እጁ አዛወረና፣ በማይታዘዝለት እጅ እየተንገዳገደ፣ የጀማሉን ጥርስ ፈልጎ ማጉላት ጀመረ።